የእናት አብዮት የጡት ልጅ

ሐምሌ 8 ቀን 1973

ዛሬ የላሊበላ ሕጻናት መርጃ ክበብ ተመሠረተ። ከጠዋት እስከ ምሳ የተከራከርነው በስሙ ላይ ነው። ጓድ ታፈረ «መርጃ» የሚለው ቃል ልመና ልመና ይሸታል አሉ። «መታደጊያ» ደግሞ ከጸሎት መጽሐፍ የተቀዳ ይመስላል ተባለ። በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው ተመለስን። ከሰዓት በኋላ ስለ ማኅተሙ ቅርጽ ተወያየን፤ ክብ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሕጻናቱ ቀኑን ሙሉ ውጭ፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠፈጠፍ ስር ቆመው ነበር። የሚረዱት እነሱ ስለሆኑ እንዲጠብቁ ተነግሯቸዋል።

እኔ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥሁ። ተመረጥሁ ስል፣ ጓድ ታፈረ ስሜን ጠሩ፣ ሌላው አጨበጨበ። አዲስ አበባ አንድ ዓመት ኮሌጅ ተምሬ ስመለስ እዚሁ ቀበሌ ውስጥ ለሁለት ወር «ተጣርቻለሁ»፤ እንደ ጠላ። አተላ አልተገኘብኝምና ተለቀቅሁ። ወደ ትምህርቴ ለመመለስ ግን ከቀበሌው ሊቀ መንበር የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገኛል። ሊቀ መንበሩም ጓድ ታፈረ ናቸው። በጠየቅኋቸው ቁጥር «ብዙኃኑን ገና በሚገባ አላገለገልሽም» ይሉኛል። መሠረተ ትምህርት አስተማርሁ፣ ችግኝ ተከልሁ፣ እርከን ሠራሁ። አሁን ደግሞ ሕጻናት ልረዳ ነው። ብዙኃኑ መቼ በቃኝ እንደሚሉ አልተነገረኝም።

እዚህ ደብተር ላይም «አንቱ» እላቸዋለሁ። እዚህ «አንተ» ማለት ከለመድሁ አንድ ቀን በስብሰባ መካከል ያመልጠኛል።

ሐምሌ 12

የንጽሕና ዘመቻ። የሕጻናቱን ራስ መላጨት። ምላጩን የያዘው የቀበሌው ዘበኛ አረጋ ነው። ጓድ ታፈረ ቅማል የፊውዳሉ ሥርዓት ውርስ መሆኑን ሲያብራሩ ዝናቡ ወረደና ሁሉም ተበተነ። አንድ ልጅ ግማሽ ራሱን እንደተላጨ አምልጦ እስካሁን አልተገኘም። በሪፖርቱ ላይ «ዘመቻው በከፊል ተሳክቷል» ብዬ ጻፍሁ። ሐሰት አይደለም።

አንዲት ልጅ ተራዋ ሲደርስ «መጀመሪያ ሊቀ መንበሩ ይላጩ» አለች። አረጋ ሳቁን ሊውጥ ሲል ምላጩን ጣለው። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ይማርሽ ትባላለች። ጠጉሯን ሳትላጭ ሄደች።

ሐምሌ 16

ይማርሽን ለጊዜው እኔ እንዳስጠጋት ክበቡ ወሰነ። እኔ ራሴ ጥገኛ ነኝ፤ የምኖረው የአባቴ አክስት እማሆይ ወለተ ሐና ቤት ነው። ክበቡ ይህን ያውቃል። ጥገኛ ላይ ጥገኛ መጨመር ምንም ወጪ የለውም።

የልጅቷ እናት ለልደት ከሙጃ ለመሳለም መጥታ፣ እዚሁ ታማ ሞተች። ዘመድ ነኝ ያለ የለም። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ እንግዳ በሚያድርበት ዋሻ ከነዳያን ጋር ስታድር ኖራለች። አባቷን ብጠይቃት ወታደር ነው አለችኝ። ለእማሆይ ደብተራ ነው ብላቸዋለች። ለአረጋ ደግሞ ሹፌር።

«እውነቱ የትኛው ነው?» አልኋት።

«እትዬ፣ አንቺ የትኛውን ትወጃለሽ?»

ትራሷ ስር የተቆላ ባቄላ ትደብቃለች። መብራት ሲጠፋ ትቆረጥማለች። እኔ ልጅ አልወድም። እንዳልረሳው ነው የጻፍሁት።

ሐምሌ 21

ችኮላ። ስብሰባ። ዝናብ። አሮጌ ልብስ የማሰባሰቡ ዘመቻ ተጠናቀቀ፦ አንድ የቄስ ካባ፣ ሁለት የወታደር ቦት ጫማ፣ ሁለቱም የግራ፣ አንድ ከረባት። ከረባቱን ይማርሽ ወሰደች። መቀነት አደረገችው።

ሐምሌ 26

ጓድ ታፈረ ቢሯቸው ጠሩኝ። ለይማርሽ «ዘላቂ መፍትሔ» ተገኝቶላታል። ክረምቱ አልፎ የጋሸናው መንገድ ሲከፈት ወደ ደሴ ትሄዳለች፤ ክፍለ ሀገሩ ላይ ያሉ አንድ ትልቅ ጓድ ቤት። ጋሸና ድረስ በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጋቢና። ሹፌሩ እንኳ ተነግሮታል።

«ምን ልትሠራ?» አልሁ።

«ልትማር ነዋ።»

«ስንተኛ ክፍል ትገባለች?»

መስኮቱን አዩ። «መጀመሪያ የቤት አያያዝ ትለማመዳለች» አሉ። «ሦስት ሕጻናት አሉ እዚያ ቤት። አንደኛው ጡት እንኳ አልጣለም።»

የሕጻናት መርጃ ክበብ ነንና፣ ሕጻናትን በሕጻን እንረዳለን።

ጓድ ታፈረ ወደ ደሴ ለመዛወር ከፋሲካ ጀምሮ እንደሚለፉ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አረጋ በር ላይ ከአንዱ ጋር ሲያወራ ሰምቻለሁ፦ «ሰውየው እጅ መንሻ ቅቤ ቢያጣ ልጅ ሊሰድ ነው።» የደሴው ጓድ የጎረቤታችን የዋድላ ሰው ናቸው፣ አገር ቤት የተወለደች ታዛዥ ልጅ ይወዳሉ ይባላል። ይማርሽን ታዛዥ ያላት ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ጉዳዩ በክበቡ ስብሰባ ይታይ ልል አፌን ስከፍት ጓድ ታፈረ ቀደሙኝ። «የደብዳቤሽን ረቂቅ አዘጋጅቼዋለሁ። የቀረው ፊርማ ነው።»

ዝም አልሁ። ይህንንም ልጻፈው፦ ዝም አልሁ።

ቤት ስገባ ይማርሽ ከረባቱን አንገቷ ላይ አስራ፣ መደቡ ላይ ቆማ፣ ለእማሆይ ንግግር ታደርጋለች። «ቅማል ይውደም» ትላለች፣ ልክ በጓድ ታፈረ ድምፅ፣ እጇን እያወናጨፈች። እማሆይ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይስቃሉ። እኔ አልሳቅሁም።

ነሐሴ 4

ፍልሰታ ገብቷል። የጓድ ታፈረ ባለቤት ባንችይርጋ በክበባችን የሴቶች ጉዳይ ኃላፊ ናት። ኃላፊነቷ በየስብሰባው ጥግ ይዞ ጥጥ መፍተል ነው። እስካሁን ድምፅ የሰጠችበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ዛሬ የሽምብራ ንፍሮ ይዛ መጣችና ይማርሽን ጉልበቷ መካከል አስቀምጣ ጠጉሯን ስትፈታ፣ ቅማሏን ስትለቅም፣ መልሳ ስትጎነጉን ዋለች። ፊውዳሊዝምን አንድም ጊዜ አላነሣችም። ባሏ ዕቃው ከመላኩ በፊት አይታ እንድታስተካክል የላካት መሰለኝ። ውሃ እንኳ አላቀረብሁላትም።

ስትወጣ ከአጥሩ ማዶ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች «የመካን እጅ ከሰው ልጅ ጠጉር አይወጣም» ሲሉ ሰማሁ። እሷም ሰምታለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደኅና ዋሉ ብላቸው ሄደች።

ውሃ ማቅረብ ነበረብኝ።

ነሐሴ 8

ዛሬ ሀብተ ሥላሴ የሚባል ጢማም ገበሬ ከነአኩቶ ለአብ ማዶ ባቄላ በአህያ ጭኖ መጣ። ጎንበስ ብሎ ገብቶ የእማሆይን ጉልበት ሳመና «እማዬ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለ። እማሆይ ወልደው አያውቁም። ሰውየው የጡት ልጃቸው ነው። በጎልማሳነቱ ደም የሚፈልጉት ሰዎች ሲያሳድዱት እሳቸው ደጅ ወደቀ፤ አውራ ጣታቸውን ማር ቀብተው አጠቡት። ቄስ አየ፣ ጎረቤት አየ። አለቀ። አሳዳጆቹ ተመልሰው ሄዱ። በጦር ያልቆመ ሰው በማር ቆመ።

«ተጣልታችሁ ብትካካዱስ?» አልኋቸው፣ ሰውየው ከሄደ በኋላ።

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «የሆድ ልጅ ይካዳል፤ ሳትመክሪበት ነው የመጣው። የጡት ልጅ ግን መክረሽ፣ ሰው ጠርተሽ ነው። እሱን የካደ ለእህሉ በረከት፣ ለሬሳው ቀባሪ የለውም።»

ጓድ ታፈረ ይህን ልማድ አምና በስብሰባ «የፊውዳሎች ሎሌ መሰብሰቢያ» ብለው አስወግዘው በውሳኔ ሽረውታል። ስለዚህ ላሊበላ ውስጥ የለም። እኔም የተማርሁ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ኋላ ቀርነት አያጓጓኝም። ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል ብቻ፣ ማሩ የትኛው ጣት ላይ እንደሚቀባ፣ ምስክሩ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት፣ ማሰሪያ ቃሉ እንዴት እንደሚባል ጠየቅሁ። እማሆይ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከዚያ ብዙ አዩኝ።

ነሐሴ 10

ክበቡ ለሰባተኛው የአብዮት በዓል ተውኔት እንዲያቀርብ ታዘዘ። ደራሲ እኔ። የደሴው ትልቅ ጓድ ለበዓሉ ራሳቸው ይመጣሉ፤ በዚያውም ይማርሽን ያዩዋታል። ጓድ ታፈረ የሰጡኝ መመሪያ አጭር ነው፦ ሦስቱ ጠላቶች፣ ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝምና ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም፣ ይምጡ፣ ሕዝብ ያሰቃዩ፣ ይሙቱ፤ በመጨረሻ እናት አብዮት ወላጅ አልባዋን ሕጻን ትቀበል። አለቀ። ርእሱንም ሰጥተውኛል፤ «የሦስቱ ጠላቶች ውድቀት»። እንዴት እንደምትቀበላት ግን ለኔ ተትቷል። ደራሲ ነኛ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ጓድ ታፈረ የልጆቹን ጨዋታ ግጥም አስለወጡ። ልጆቹ በየደጁ ስለ አምራች ኃይሎች ሲዘፍኑ አመሹ። ሰው አልገባውም፤ ግን ሙልሙሉን ሰጠ። ይማርሽ በሻሽ ቋጥራ አመጣች። ትልቁን ለኔ። እማሆይ ጥርስ ስለሌላቸው ነው አለች።

ነሐሴ 23

የተውኔቱ ረቂቅ ጸደቀ። ጓድ ታፈረ ጮክ ብለው አነበቡት፤ መጨረሻው ላይ ቆሙ።

«ይህ ማር ምንድን ነው?»

«የሶሻሊዝም ፍሬ ነው ጓድ። እናት አብዮት በአውራ ጣቷ ታቀምሳታለች። ተምሳሌት ነው።»

«ተምሳሌት» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ጥሩ ነው። ጣፋጭነቱን ያሳያል።» ማኅተሙን መቱበት። ክቡን።

ሰውየው እዚሁ ላስታ ተወልደው ያደጉ ናቸው። በልጅነታቸው ስንት ጊዜ አይተው ይሆናል። ግን በስብሰባ የተሻረ ነገር ተመልሶ ደጃቸው ይቆማል ብለው አያስቡም። በውሳኔ የሚያምን ሰው እንዲህ የዋህ ነው።

እናት አብዮትን እኔ እንድሆን ሐሳብ አቀረቡ። ንቃቴ ገና እንዳልበሰለ እሳቸው ራሳቸው ባለፈው የጻፉትን አስታወስኋቸው። እንደዚያ ከሆነ ብስል ማን አለ? ተያየን። ከተማው ውስጥ ከሊቀ መንበሩ ባለቤት የበሰለ ማን ይኖራል? እኔ አላልሁም፤ እሳቸው ናቸው ያሉት። ባንችይርጋ ፈትሏን ሳታቆም «እሺ» አለች።

ልምምድ ጀመርን። ፊውዳሊዝም አረጋ ነው፤ ለጅራፉ ሲል የተፈጠረ ይመስላል። ኢምፔሪያሊዝም ከረባት ስለሚያስፈልገው ይማርሽን አስፈቀድን፤ ለአንድ ቀን ብቻ ብላለች። በልምምድ ላይ የማሩ ቅል ባዶ ነው፣ ጣቱም ደረቅ። ባንችይርጋ ቃሏን በቀስታ ትላለች፦ «እኔ የጭቁኖች እናት ነኝ።» አንድ ጊዜ «እነዚህ ቃላት ብቻ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኋት። ሌላ አልጻፍሁም። ሌላ ብጽፍ ጓድ ታፈረ ይነቁ ነበር። ማለቴ፣ ተውኔቱ ይረዝም ነበር።

ጳጉሜ 3

የወንበር ድልድሉ ለኔ ተሰጠ። ቄሶችና የአገር ሽማግሌዎች ከፊት ቢቀመጡ አብዮቱ ሁሉን አቃፊ መሆኑን እንግዳው ያዩ ነበር አልኋቸው። ጓድ ታፈረ ሐሳቡን ወደዱት፤ ሲመሽ የራሳቸው ሆነ። የንስሐ አባታችን መምሬ ገብረ ሊባኖስ መካከል ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸው ስለደከመ እንዲያዩ።

ዛሬ ይማርሽ ጠየቀችኝ። «እትዬ፣ ለምን አንቺ እናቷን አትሆኚም?»

«ድምፄ ለመድረክ አይሆንም።»

«ከፍየሎቹ ጋር ስትጨቃጨቂ እስከ ቤተ ክርስቲያን ይሰማል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለምን እኔ እንዳልሆንሁ እዚህ ልጻፈው፤ ማንም አያነበው። እኔ ባጠባት ለጓድ ታፈረ ምናቸው ነው? ቀበሌ ያጣራኝ አተላ ነኝ። የኔን ማር በአንድ ስብሰባ ያጥቡታል፣ ልጅቷንም ይጭኗታል። እሳቸውን ማሰር የሚችለው ከገዛ ቤታቸው የወጣ ማር ብቻ ነው። ትክክለኛ አስተሳሰብ ነው። ሌላ ምክንያት የለም። ኮሌጅ ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ደግሜ አየሁት፤ የለውም።

ልጅቷን ሊያስወስዳት በነበረው ሰው ቤት ለማስገባት ይህን ያህል መድከም ግን ምን ዓይነት ሴት ነኝ? ባንችይርጋ የሷ አድርጋ ልትይዛት ካልፈለገችስ? ጓድ ታፈረ ቢስቁበትና ቢያልፉትስ? ይማርሽ ተኝታለች። ባቄላ በእጇ ይዛ ነው የተኛችው።

መስከረም 1

ዘመን ተለወጠ። ልጆች አበባ ይዘው መጡ። እንግዳውም በበቅሎ ገቡ፤ ከጋሸና ድረስ በጭቃ መጥተዋልና መቀመጥ አልቻሉም፣ ቆመው ነው የተቀበልናቸው። ይማርሽን አዩአትና ጓድ ታፈረን «ቀጫጫ ናት» አሉ። «ትበረታለች» አሉ ጓድ ታፈረ።



መስከረም 3

ትናንት ሆነ። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሜዳው ሙሉ ነበር። ከገጠር ሳይቀር ሰው መጥቷል፤ ገሚሱ አረጋ ሲሞት ለማየት። አረጋ ግን አልሞት አለ። ጭሰኞቹን ሲገርፍ ሕዝቡ ስላጨበጨበለት ከተገደለ በኋላ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ገረፈ። ኢምፔሪያሊዝም በከረባቱ ተንጠልጥሎ ወጣ። ይማርሽ ከመጋረጃው ጀርባ «እንዳትቀድዱብኝ» ትላለች።

ከዚያ ባንችይርጋ ቀይ ጨርቅ ተከናንባ ገባች። በጽሑፉ ቆማ ነው የምትቀበላት። እሷ ተቀመጠች። ይማርሽን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ያን ባዶ ቅል ወደ ጎን አደረገችና ከቀዩ ጨርቅ ስር ትንሽ ገንቦ አወጣች። ውስጡ ማር ነበር፤ እውነተኛ ነጭ የላስታ ማር። ማር እንድታመጣ ማንም አልነገራትም። እኔ እንኳ ለዕለቱ ከእማሆይ የለመንሁትን መጋረጃው ስር ይዤ ነበር፣ አጋጣሚ ፈልጌ ቅሉ ውስጥ ለመጨመር። እጄ ላይ ቀረ።

አውራ ጣቷን ነከረች። ይማርሽ ዞራ እኔን አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ጠባች።

አሁን «እኔ የጭቁኖች እናት ነኝ» ማለት ነበረባት። ሜዳው ጸጥ ብሏል። ባንችይርጋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሁሉም ግን ሰማ።

«ጡቴን ጠብተሻል። ከዛሬ ወዲህ ልጄ ነሽ። ክፉሽን አልይ፣ ክፉዬን አትይ። መምሬ ገብረ ሊባኖስ፣ እርስዎ ይመስክሩ።»

መምሬ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። «አይቻለሁ» አሉ። ከግራና ከቀኝ ሽማግሌዎቹ እየተከታተሉ «አይተናል» አሉ። አንዲት ሴት እልል አለች፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። እነዚያ ውሃ ቀጂዎቹም አሉበት።

ጓድ ታፈረ እያጨበጨቡ ነበር። እጆቻቸው ተራርቀው አየር ላይ ቀሩ።

ወደ እንግዳው ተመለከቱ። እንግዳው ግን የዋድላ ሰው ናቸው። ቆባቸውን አውልቀው ተነሥተዋል፤ አፋቸው ከሳቸው የቀደመ ይመስለኛል። ለባንችይርጋ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ በዚያ ሁሉ ካድሬ ፊት፣ ለወላድ የሚባለውን አሉ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

መጋረጃውን ዘጋሁ። የመዝጊያው መዝሙር አልተዘመረም። የፈለገውም የለም።

እኔ ወጥመድ ሠርቼ ነበር፤ ባንችይርጋ ወጥመዱን አየችው፣ የጎደለውን ሞላችው፣ ከዚያ በራሷ እግር ገባችበት። ወጥመድ ስል ተውኔት ማለቴ ነው። ለአንዲት መልስ ለማትሰጥ ሴት ውሃ እንኳ ሳላቀርብ፣ ብልኋ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ክረምቱን አሳለፍሁ።

መስከረም 6

ጓድ ታፈረ በማግሥቱ መምሬ ዘንድ ሄደው ነገሩ ተውኔት መሆኑን አስረዱ። መምሬ አዳምጠዋቸው ሲያበቁ «ማሩም ተውኔት ነበር?» አሉ። «ልጅቱ ስትውጠው አይተናል እኮ።»

ትልቁን ጓድም በቅሏቸው ሲጫን ደርሰውባቸው ነበር፤ አረጋ ልጓም ይዞ ስለነበር ሰምቷል። ስለ ልጅቷ የተነጋገርነው እንዳለ ነው ሲሏቸው ሰውየው ተቆጡ። «የሰው የጡት ልጅ ለሞግዚትነት ልትሰጠኝ? ልታስረግመኝ ነው?» ብለው ሄዱ። ስለ ዝውውሩ አልተነሣም።

ትናንት ደግሞ የጓድ ታፈረ እናት ከገጠር በበቅሎ ከች አሉ። ገበያ ላይ የሰሙት ልጃቸው ልጅ ማግኘቱን ብቻ ነው። ለልጅቷ ራስ የሚሆን ቅቤ በቅል ይዘው መጡ።

ዛሬ ጓድ ታፈረ እኔን አስጠሩኝ፤ ይማርሽ ከበዓሉ ወዲህ እነሱ ዘንድ ነው የምታድረው። «ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ» አሉ።

«ጓድ፣ ረቂቁን ያጸደቁት እርስዎ ነዎት። ማኅተም አለበት።»

በአካባቢው ማንም ስላልነበረ ነው መሰለኝ እንደ ሊቀ መንበር ሳይሆን እንደ ሰው ጠየቁኝ። «ሌሊት ታስላለች። ቀድሞ ጀምሯት ነው ወይስ ከኛ ቤት ነው?»

«የቆየባት ነው» አልሁ። «በጦስኝ ይለቃታል።»

ጻፉት።

መስከረም 11

ይማርሽ ጓዟን ወሰደች። ጓዟ አንድ ከረባትና አንድ ቋጠሮ ባቄላ ነው። ባንችይርጋ ጓዙን ልትወስድ አብራት ስትመጣ ውሃ አቀረብሁ፣ ጠላም ጨመርሁ። ስለ ተውኔቱ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ስትወጣ ብቻ «መጨረሻውን አሳጥረሽው ነበር» አለችኝ።

ትራሱ ስር አንድ ባቄላ ረስታ ሄዳለች። ወይ ትታልኝ ነው። ጠንካራ ነው፤ ጥርስ ይሰብራል።

መስከረም 17

ትናንት ደመራ ላይ አየኋቸው። ሃይማኖት የሌላቸው ጓድ ታፈረ ይማርሽን ትከሻቸው ላይ ተሸክመዋል፣ ጭሱ እንዲታያት። ኮንጎ ጫማ ገዝተውላታል። እግሯን ደረታቸው ላይ ታማታለች፤ የደንብ ልብሳቸው በሙሉ ጭቃ ነው። ባንችይርጋን «እማዬ» ስትል ሰማሁ። አንዴ አይደለም።

የፈለግሁት ይህ ነው። ይህን ማየት ግን አያስፈልገኝም ነበር።

መስከረም 21

ደብዳቤው ተፈረመ። ሳልጠይቅ። «ጓዲት አልጣሽ ብስል አብዮታዊ ንቃት ያላት፣ ለሕጻናት ደኅንነት የማትደክም» ይላል። ከዚህ በፊት ያልበሰልሁ ነበርሁ፤ ክረምቱ አብስሎኛል። ጓድ ታፈረ ሲሰጡኝ «በቶሎ ብትሄጂ ጥሩ ነው፣ ትምህርት ይጀመራል» አሉ። ክበባችን ሌላ ተውኔት እንዳይደርስበት የፈሩ ይመስለኛል። መኪናውም ያው ነው አሉ። ሹፌሩ ቦታውን ለሌላ አልሰጠም።

መስከረም 25

ነገ በማለዳ እነሣለሁ። ዛሬ ከሰዓት ይማርሽ ብቻዋን መጣች። ጠጉሯ ቅቤ ተቀብቷል፣ ኮንጎዋን በእጇ ይዛለች፣ እንዳይቆሽሽ። ከነጠላዋ ስር ቁራጭ ቅል አወጣች።

«ከእማዬ ገንቦ ነው። እንዳትነግሪያት።»

አውራ ጣቷን ነከረችና አፌ ላይ ደቀነችው።

«ጥቢ።»

እናት ከልጅ መብለጥ እንዳለባት አስረዳኋት። ልማዱ የፊውዳል እንደሆነም ነገርኋት። ማሩ በክንዷ ላይ መውረድ ጀመረ።

«አንቺ እኮ ማንም የለሽም» አለች። «እማሆይ አርጅተዋል። እዚያ አገር ማነሽ ቢሉሽ ምን ልትዪ ነው?»

ማር መባከን የለበትም። ለዚያ ብቻ ነው።

ይማርሽ ቃሉን በሙሉ አለችው፤ አንድ ሳትስት፣ በባንችይርጋ ድምፅ። «ጡቴን ጠብተሻል። ከዛሬ ወዲህ ልጄ ነሽ። ክፉሽን አልይ፣ ክፉዬን አትይ።» ከዚያ የሚመሰክር ሰው በዓይኗ ፈለገች።

«አይቻለሁ» አሉ እማሆይ ከጥግ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ መቁጠሪያቸውን ሳያቆሙ።

በዚህ አቆጣጠር ጓድ ታፈረ አያቴ ሆነዋል። ይህን ግን ማኅተም አያደርጉበትም።

መስከረም 28

ከጋሸና አልፈናል። ጎማ ሊቀይር ቆሟል፤ ጋቢና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ሹፌሩ ጋሸና ላይ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ ነበር። «ከላሊበላ ትመጣለች የተባልሁት አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ክረምቱ አሳድጎሻል» አለና በሩን ከፈተልኝ። ዳገቱን ጨረስን። ከዚያ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የይማርሽ» አልሁት።

አያውቃትም። ራሱን ነቀነቀና ማርሹን ቀየረ።